አራተኛው ጣት

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ ያውቁታል፤ እነሱም ቢሆኑ ሲናደዱ ካልሆነ አይጠሩበትም። ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። መኪና ገና ከአስፋልቱ ወደ ጋራዡ ሲታጠፍ፣ እሱ ሌላ መኪና ሥር እንደተጋደመ፣ «የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ነው» ይላል። ባለመኪናው ይስቃል። ኮፈኑ ተከፍቶ ካንዴላው ሲወጣ ግን ነገሩ እንዳለው ይሆናል፤ የሳቀውም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ «ጋሽ ጆሮ፣ እስቲ ይስሙልኝ» ይላል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ተረት በዚህ ሰው ላይ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። አምና ክረምት ሲገባ መጀመሪያ ከጆሮው የጠፉት ወፎቹ ናቸው። ልብ አላለውም፤ ለወፍ ማን ደንታ አለው? ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ ውኃው ፈልቶ ፈልቶ አልቆ፣ ማንቆርቆሪያው ማረር ሲጀምር ሚስቱ ደረሰች።

«ምነው፣ ልብህ የት ሄዶ ነው?» አለችው።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ የሴት ድምፅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ነገር ሆነ። ወፍራም ወፍራሙ አልተለየውም፤ የበር መዘጋት፣ የመዶሻ ምት፣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ አሁንም ቤተኛ ናቸው። ጥሎት የሄደው ቀጫጭኑ ነው። የሞተር ሕመም ደግሞ ሲጀምር ሁልጊዜ ቀጭን ነው።

ለማንም አልተናገረም። መስማት የተሳነው ጆሮ ምን ተብሎ ይጠራል? የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ መንከስ ጀመረ፤ የሞተሩ ንዝረት በመንጋጋው አጥንት በኩል ይመጣለታል። ያዩት ሁሉ «አሁን ደግሞ በጥርሱ መስማት ጀመረ» እያሉ ተደነቁ። ሰው ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን ትቶ ከንፈሩን ማየት ለመደ። ያልገባውን ደግሞ «እሺ» ብሎ ማለፍ ለመደ። እሺ የተባለ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚጠይቅ የለም።

አንዲት ልጅ ነበረችው። በሥራ ቀን ለዳቦ ቤት ዳቦ የምታመላልስ፣ ከዚያ በተረፋት ጊዜ ሁሉ ግን እሱ ከአሮጌ ብረት ግቢ አንስቶ ነፍስ የዘራባትን ትንሽ የውድድር መኪና የምትነዳ። ከከተማው ጀርባ ያለው የተራራ መንገድ በዓመት አንዴ ለውድድር ይዘጋል። አምና ሦስተኛ ወጣች። ዘንድሮ አንድ የውድድር ቡድን አንድ ሹፌር ይፈልጋል ተባለ፤ የቡድኑ አለቃ ራሱ መጥቶ ሊያይ ነው። የእሷ እኩዮች ለቡድን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከዚህ በኋላ ሌላ አለቃ ሊያያት የሚመጣበት ዘመን እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃል።

«አባዬ» አለችው፣ ሙከራ ነድታ ስትመለስ፣ «ከጠመዝማዛው በላይ መኪናዋ ትንፋሽ ያጥራታል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጥም የምትሰጠኝ ነገር የለም።»

ይህን ለመረዳት ጆሮ አላስፈለገውም። ችግሩ ማኒፎልዱ ነው። ማኒፎልድ ከካርቡሬተሩ የሚወርደውን አየርና ቤንዚን ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍል የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ከአንድ ግንድ የሚወጡ አራት ጣቶች አሉት። ፋብሪካው መኪናዋን ለገበያ መሄጃ የሠራት ስለሆነ ጣቶቹ ጠባብ፣ ውስጣቸው ሻካራ፣ አፋቸውም ከሞተሩ ራስ ቀዳዳዎች ጋር በቅጡ የማይገጥም ነው። ጣቶቹን ከውስጥ ሞርዶ ማስፋት፣ ማለስለስ፣ አፋቸውን ከቀዳዳዎቹ ጋር ማስተካከል። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ይነዳል፤ ብዙ ከነደደ ትወጣለች። ነገሩ ሲናገሩት ቀላል ነው። ክፋቱ ግን የግድግዳው ውፍረት ከውጭ አይታይም፤ አንዱ ቦታ እንደ ሳንቃ ወፍሮ ሌላው ቦታ እንደ ቅል ይሳሳል።

ድሮ ቢሆን ብረቱ ራሱ ይነግረው ነበር። የኤሌክትሪክ መሞረጃው እየሳሳ ወዳለ ግድግዳ ሲጠጋ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እጁን ይሰበስባል። ይህንን ሥራ ዘንድሮ ባይጀምረው ይሻል ነበር። ግን ደግሞ ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ ለልጁ አንድ ነገር ሊሠራላት ፈልጓል፤ ከዚህ ዓመት በኋላ መሥራት መቻሉን እርግጠኛ አልነበረም።

ሦስቱ ጣቶች በደህና አለቁ። በጣቱ እየዳሰሰ፣ በመብራት እያየ፣ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት አለሰለሳቸው። ውድድሩ እሑድ ነው፤ ዓርብ ከምሳ በፊት አራተኛውን ያዘ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መሞረጃው ድንገት ቀለለው። ማሽኑን አጥፍቶ ማኒፎልዱን ወደ በሩ ብርሃን አነሳው። በአራተኛው ጣት ሥር፣ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ጥግ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ወለል ብሎ ብርሃን ያሳልፋል።

ቁጭ አለ። የተቀመጠበት የጎማ ክምር ላይ ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም። ሌላ ማኒፎልድ በከተማው ውስጥ የለም፤ የዚያን ሞዴል ዕቃ ከአሮጌ ብረት ግቢ እንኳ ቆፍሮ አጥቶት ያውቃል። መበየድ አለበት። አሉሚኒየም የሚበይድ ሰው ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ከአምና ጀምሮ ሰላምታ ነሥቶታል።

ቤት ሄዶ ለሚስቱ አሳያት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዎቹን ከከንፈሯ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካችና ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዞረች። ከጊዜ ወዲህ ፊቷን ሳታዞር አታናግረውም። ለምን እንደሆነ እሷም አልተናገረች፣ እሱም አልጠየቀ።

«ሂድ ወደ ወንድምህ» አለችው።

«ምን እንዳደረግኩት እንኳ አላውቅም እኮ። መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።»

«ታዲያ እግረ መንገድህን ትጠይቀዋለህ። ለልጅህ ስትል እንኳን ወንድም፣ ጠላትም ደጅ ይጠናል።»

ወንድሙ የበርና የመስኮት ብረት ይሠራል። የሥራ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በጥቀርሻ የጠቆረ፣ ጥግ ላይ አሮጌ የአየር መጭመቂያ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ። በያጁ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ታላቁን በሩ ላይ አየው።

«ምን ፈለግክ?»

ጆሮ ማኒፎልዱን ከጨርቁ ፈትቶ ዘረጋለት። «ለልጅቷ ነው» አለ፣ ሌላ የሚለው ስላጣ።

በያጁ ቀዳዳውን በትንሽ ጣቱ ለካ። ቁራጭ አሉሚኒየም ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ለጫማ ቀዳዳ እንደሚለጠፍ ጥፍ አስተካክሎ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ጭምብሉን መለሰና መበየድ ጀመረ። ጆሮ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሰማያዊው ብርሃን እስኪጠፋ ጠበቀ። ሲዞር ወንድሙ ጀርባውን ሰጥቶ ጭምብሉን ምስማር ላይ እየሰቀለ ነበር። መጭመቂያው ያጓራል። የወንድሙ መንጋጋ ከኋላ ሲንቀሳቀስ ታየው፤ እየተናገረ ነው፤ ረዘም ያለ ነገር።

በያጁ ያለው ይህን ነበር፦ «ውስጡን ሞርደው፤ ግን ነገ ጠዋት መልሰህ አምጣው። ከሥር በኩል ጋዝ አልቆብኝ በነጥብ ነው ያያዝኩት። ሙሉውን ሳልዘጋው እንዳታስነሳው፤ ጥፉ ተላቆ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።»

ጆሮ አንድም ቃል አልያዘም። ምናልባት ስለ እናታቸው ነው፣ ምናልባት ስላኮረፈበት ነገር ነው ብሎ ገመተ። ከዓመት በኋላ ያናገረውን ወንድም «ምን አልከኝ?» ማለት አቃተው። አንዴ ካለ ደግሞ ሁለተኛም ማለቱ አይቀርም፤ ሁለተኛ ካለ ሚስጥሩ ወጣ።

«እሺ» አለ።

በያጁ ዞረና ትክ ብሎ አየው። «እሺ ነው ያልከው?»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ» አለና ማኒፎልዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በያጁ ብረት ብቻ ከሚበይድ ጎረቤት ጋዝ ለምኖ፣ የመጣበትን ሥራ ሁሉ መልሶ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ወንድሙ አልመጣም። ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ስትሆን «ድሮም እንዲህ ነው። ንቆኛል» ብሎ በሩን ዘጋ።

በዚያው ሰዓት ጆሮ የማኒፎልዱን የመጨረሻ ቡሎን እያጠበቀ ነበር። ብየዳውን ዓይኑ እስከሚደርስበት አይቶታል፤ ያማረ ነው። ከሥር ያለው ጥግ ግን ዓይንም ጣትም አያስገባም። የወንድሙን እጅ ስለሚያውቅ አላሰበበትም። ልጅቷ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። ካቻቪቴውን ነክሶ ግንባሩን ደፋ። ወፍራሙ ድምፅ እንደ ወንዝ የተረጋጋ ነው። ከጥርሱ እስከ ደረቱ ድረስ ደስ አለው።

ልጅቷ እስከ ተራራው ወገብ ነድታ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ከመኪናው ወርዳ አቀፈችው። «በረረች» አለች። «ከጠመዝማዛው በላይ እኔ ነኝ የደከምኩት፤ እሷ አልደከመችም።» ይህን ፊት ለፊቱ ስለተናገረች ሁሉንም ያዘ። ቀጥላ ጎንበስ ብላ ወደ ሞተሩ አየችና አንድ ነገር አለች። ከንፈሯን ግማሹን ብቻ አየው። ሲጠብቃት ደገመችለት።

«ቆማ ስትሠራ ታፏጫለች እኮ። ቀጭን ፉጨት። ምንድነው?»

ታፏጫለች። ይቺን ቃል ከከንፈሯ አነበባት።  እዚያው ቆሞ «ልጄ፣ አይሰማኝም» ቢል ይበቃ ነበር። የሚሰማ ሰው ጠርተው ኮፈኑን ከፍተው ይፈልጉታል፣ ምናልባት ውድድሩ ይቀራል፣ ምናልባትም አይቀርም። ይህን ሁሉ ካቻቪቴው እጁ ላይ እንዳለ አሰበው። ግን ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ፊት ይዛ ቆማለች፤ እሱም ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሲያየው የኖረውን አደረገ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚሰማ መሰለ።

«ማጣሪያው ነው» አላት። «አፉ ስለሰፋ አየር ሲስብ ያፏጫል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ትጠራጠር ነበር። ጆሮ ነው ያላት። ኮፈኑን ዘጋችው።

እሑድ ጠዋት የተራራው ግርጌ በሰው ተሞልቶ ነበር። መኪኖቹ አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት፤ የተነሱበትንና የደረሱበትን ሰዓት የሚይዙ ሰዎች ላይና ታች አሉ። ድምፅ ማጉያው በየቦታው ያለችውን መኪና ይናገራል። ሚስቱ መሐረቧን እያጠበቀች ከጎኑ ቆማለች። የቡድኑ አለቃ፣ ነጭ ኮት የለበሰ ረጋ ያለ ሰው፣ መነሻው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ የራስ ቁሯን ከማጥለቋ በፊት ለአባቷ በዓይኗ ጠቀሰችውና ወደ መስመሩ ጠጋች።

ይህን ጊዜ አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው። ወንድሙ ነው። ከሕዝቡ ውስጥ ሰንጥቆ ስለመጣ ያለከልካል። ፊቱ በቁጣ ቀልቷል፤ በቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ጆሮ የያዘው «ትናንት» የምትለዋን ብቻ ነው። «እሺ» የምትለዋ ቃል ከከንፈሩ ደረሰች። ወንድሙ ደግሞ በጣቱ ወደ መኪናዋ ጠቆመ። ጆሮ የዚያን ጊዜ ቃሏን ዋጣት።

«አይሰማኝም» አለ። «ወንድሜ፣ ከአምናው ክረምት ጀምሮ አይሰማኝም። ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ፊቴ ላይ ሆነህ።»

 በያጁ የታላቁን ፊት በሁለት እጁ ይዞ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ሕፃን ነገረው። «ጥፉ። ከሥር። አልተበየደም። ጋዝ አልቆ። ነገ አምጣው ብዬህ ነበር። ስታፏጭ ሰማኋት። በእሱ ነው። ይላቀቃል።»

ጆሮ ሲዞር ባንዲራው ወርዷል። የኋላ ጎማዎቹ አቧራ ትተዋል፤ መኪናዋ የለችም።

ወደ መነሻው ሮጠ። የውድድሩን ኃላፊ ክንድ ይዞ «አስቁሟት» አለ፤ ምን ያህል እንደጮኸ ስለማይሰማው የቡድኑ አለቃ ሳይቀር ከወንበሩ ተነሳ። ኃላፊው አንድ ነገር ተናገረ። በያጁ ከኋላ ደረሰና ነገሩን አስረዳ። ኃላፊው ሬድዮኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ላይ ያሉትን ጠራ። መልሱ ሲመጣ ሬድዮኑን እንደገና ነካ ነካ አደረገው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ያለው ጠባቂ ባንዲራውን እስኪያነሳ አልፋዋለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ አይመልስም።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሰማውን እሱ ብቻ መስማት አልቻለም። የመኪናዋ ድምፅ ከተራራው እየተጋጨ ይመጣል፤ ተመልካቹ በጆሮው ነው የሚከተላት። ለእሱ የቀረለት ፊት ማየት ነበር። የሚስቱን ፊት አየ፣ የወንድሙን ፊት አየ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ፊት እየዞረ አየ። ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰዉ እጁን አንስቶ አጨበጨበ።

«ምን አለ?» ሚስቱን ጠየቃት።

«ግማሹን መንገድ ከሁሉም ቀድማ ነው ያለፈችው» አለችው። ዕንባዋ ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል፤ በያጁ ነግሯታል።

አጨበጨቡ፤ እሱም የሚያጨበጭቡትን እጆች እያየ «በቃ አቁሚ፣ በቃ አቁሚ ልጄ» ይላል። ከዚያ ከመነሻው እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ማንም አልተነገረውም፤ ብቻ አንገቱ ሁሉ ወደ ተራራው ተመዘዘ። ያጨበጭብ የነበረ እጅ በአየር ላይ ቀረ። አንዲት ሴት አፏን ሸፈነች። ለሌላው ሰው ድምፁ ተቋርጧል። ለእሱ የተቋረጠ ነገር የለም፤ ያው ዝምታው ነው። የሆነውን ያወቀው ወንድሙ ዓይኑን ሲጨፍን ነው።

በያጁ በዕቃ መጫኛ መኪናው ይዟቸው ወጣ። መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ነበር፤ በዚያ መሃል ሦስቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንም ማንንም አላየም። ጆሮ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መዳፉን ያያል። ልጁን ሞታ አያት፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። አንዴ እሳት ውስጥ፣ አንዴ ገደል ሥር። በእያንዳንዱ ውስጥ ኮፈኑን ዘግታ ስትስቅ ያያታል።

መኪናዋ ከላይኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ አፍንጫዋ የድንጋዩ ግንብ ውስጥ ተሰክቶ፣ ዘይቷ በአስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጥፉ ተላቆ፣ በአራተኛው ጣት ተስቦ ገብቶ፣ ቫልቩንና ፒስተኑን አድቅቆ ሞተሩን ባንዴ አንቆት ነው። የኋላ ጎማዎቹ ቆመው መኪናዋ ተሽከረከረች። ልጅቷ ሞተሩን ከጎማ የሚለየውን ፍሪሲዮን ረግጣ ጎማዎቹን ባታስፈታ፣ መሪውንም ወደ ግንቡ ባትመልሰው፣ በመንገዱ በሌላው ጎን ያለው ገደል ውስጥ ትገባ ነበር። አምቡላንሱ ወስዷታል። በሕይወት አለች። ይህን በያጁ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ፣ ፊቱ ላይ ሆኖ ነገረው።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በያጁ ፊቱን አዞረለት።

«አምና ገበያ መሃል ጠራሁህ» አለ። «ደጋግሜ። በስምህ ሳይቀር። ሰው ሁሉ ሲዞር አንተ ሳትዞር አለፍክ። እኔ ደግሞ ቂሜን ስቆጥር ነው የከረምኩት፣ ጋሼ። ጆሮ አይሰማም ብሎ ማን ያስባል?»

 ጆሮ የወንድሙን ጉልበት መታ መታ አደረገ።

የልጅቷ የማጅራት አጥንት ተርፎ የትከሻዋ አጥንትና የግራ እጇ አንጓ ተሰብረዋል። ሲያስገቡት ጭንቅላቷን ትራስ ላይ አስደግፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አልጋው ጠርዝ ላይ አልተቀመጠም፤ ቆመ።

«ፉጨቱ ማጣሪያው አልነበረም» አላት። «አልሰማሁትም። የሰማሁ መስዬ ነው የነገርኩሽ። ከአምናው ክረምት ጀምሮ ቀጭን ነገር አይሰማኝም።»

ፊቷን አዞረችለት። የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ቁጣውም ነበር። ግን ከቁጣው ቀድሞ የመጣው ሌላ ነው።

«እኔና እማዬ እኮ እናውቃለን» አለች። «ፊታችንን እያዞርን የምናናግርህ ለምን መሰለህ? እንዳታፍር ብለን ነው ዝም ያልነው።» ትንፋሿን ስትስብ አመማት። «እኛን ባትሰማም ሞተር ትሰማለህ ብዬ ነበር። ሌላው ቢጠፋ እሱ አይጠፋም ብዬ። ያን ፉጨት እኮ ሰምቼው ነበር፣ አባዬ። የገዛ ጆሮዬን ትቼ ያንተን አመንኩ።»

 ወለሉ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጫማዋን አንስቶ አስተካክሎ አልጋው ሥር አስቀመጠው። እጁ የሚሠራው ሌላ ነገር አልነበረም።

«አሁን ውጣልኝ» አለችው። «አልጠላሁህም። ብቻ አሁን ላይህ አልችልም።»

ወጣ። የቡድኑ አለቃ በማግስቱ አበባ ይዞ መጥቶ እግዜር ይማርሽ ብሏታል፤ ግማሹን መንገድ እንደነዳችው የሚነዳ ሰው ብዙ አላየሁም ብሏታል፤ ቦታውን ግን ለሌላ ሰጥቷል። ማን ይፈርድበታል? የተሰበረ እጅ ላይ መሪ አይሰጥም።

ጋራዡ ለጊዜው ተዘጋ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሚስቱ ናት እጁን ይዛ የወሰደችው። የሞተው የጆሮው ውስጥ ነርቭ ነው፤ አይመለስም አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ያለ መከላከያ በሞተር ጩኸት ሥር ስለኖረ ነው አሉት። ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ላይ አደረጉለት። ዓለሙ ሁሉ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚንኳኳ ሆኖ ተሰማው። የሚስቱን የስፌት መኪና ሰማ፤ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት ሰማ፤ የሚስቱ ድምፅ ግን የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። ይህን አልነገራትም ነበር፤ ማታ ላይ ነገራት። መደበቅ ሰልችቶታል።

ልጅቷ እጇ በፋሻ ታስሮ ቤት ገባች። ለተወሰነ ጊዜ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ጨው አቀብለኝ፣ ጨው እንካ ብቻ ተባባሉ። አንድ ጠዋት፣ ጆሮና በያጁ የተሰበረውን ሞተር አውርደው ጠረጴዛ ላይ ሲፈቱ፣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በያጁ የሞተሩን ራስ አነሳ። አራተኛው ፒስተን አናቱ ተፈርፍሮ፣ የአሉሚኒየሙ ቁራጭ እንደ ማስቲካ ተደፍጥጦ ተጣብቆበታል። ሦስቱም አዩት። በያጁ በካቻቪቴ ሊያላቅቀው ሲል ጆሮ እጁን ያዘው፤ ራሱ አላቀቀው፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው በርሜል ውስጥ ጣለው።

«መኪናዋ ትሸጣለች» አለች ልጅቷ፣ ወደ አባቷ ፊት ዞራ። «አፍንጫዋን አቃኑ፣ ደህና ሞተር ግጠሙላትና ትሸጣለች። እኔ ከተሻለኝ ከዳቦ ቤቱ ለቅቄ የረጅም መንገድ መኪና ልነዳ ነው።»

«ከዚያስ?» አለ አባቷ።

«ከዚያ አላውቅም።»

ከአሮጌ ብረት ግቢ ሌላ ሞተር ተገኘ፤ ኃይል የሌለው፣ ጠባብ ጣት ያለውን ማኒፎልዱን እንደተሸከመ የመጣ፣ የገበያ መሄጃ ሞተር። ጆሮ አንድም ቦታ ሳይነካው እንዳለ ገጠመው። ሲያስነሱት እሱ ወደ ኋላ አለና ለልጁ ቦታ ለቀቀላት። ጎንበስ ብላ አዳመጠች፤ ጊዜ ወሰደች።

«ደህና ነው» አለችው፣ ፊቱ ላይ ሆና።

«ሌላ ነገርስ የለውም?»

«የለውም።»

መኪናዋን የገዛት አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ ልጆቹን ሊያመላልስባት። ሊወስዳት ሲመጣ ጆሮ የዘይት መለኪያውን አሳየው፣ ቁልፉን ሰጠው። መኪናዋ ከጋራዡ ወጥታ ወደ አስፋልቱ ታጠፈች። ልጅቷ መኪናዋ እስክትርቅ ድረስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጣት አያት። ምን እንደሰማች አልጠየቃትም። መፍቻዎቹን እየጠራረገ በየቦታቸው መስቀል ጀመረ።